ከሌላ አገር ቡድን ጋር ሆናችሁ መሬትን በሳተላይት ዳታ ለመከታተል፦ ከመጀመሪያው ስብሰባ እስከ ካርታው

ይሄን መመሪያ የምጽፈው ለሁለት አይነት ሰው ነው። አንዱ ድንበር የሚሻገር ደን ወይ የግጦሽ መሬት ወይ የወንዝ ተፋሰስ ከጎረቤት አገር ባለሙያዎች ጋር አብረህ ተከታተል ተብሎ ስራ የተሰጠው ነው፣ ሌላው ደግሞ የሳተላይት ምስል መክፈትና ማየት የሚችል ግን ከሌላ ቡድን ጋር ሰርቶ የማያውቅ። መጀመሪያ ላይ ሁላችንም ችግሩ ዳታ ማግኘት ይመስለናል፣ ዳታው ግን ሞልቷል፣ ነጻ ነው፣ ለሁሉም አገር ያው አንድ ነው። የጋራ ስራ ሲበላሽ ያየሁት ሁልጊዜ ዳውንሎድ ከመጀመሩ በፊት መነጋገር የነበረብንን ሳንነጋገር ስንቀር ነው። ስለዚህ ከታች ካሉት ደረጃዎች አንዳንዶቹ ኮምፒውተር እንኳን አያስከፍቱም፣ እባካችሁ እነሱን አትዝለሏቸው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ይቺን እወቁ፦ ዳታው እንዴት የሁሉም ሆነ

አጭር አድርጌ ልለፈው። ላንድሳት ከሚባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች የመጀመሪያዋ ወደ ጠፈር የወጣችው በ1972 ነው፣ ከዛ በኋላ እስከ 2008 ድረስ ምስል በገንዘብ ነበር የሚገዛው፣ የላንድሳት 7 አንድ ምስል 600 ዶላር ነበር፣ ስለዚህ አብዛኛው ሰው አንድ የድሮ አንድ የቅርብ ምስል ይገዛና ሁለቱን አነጻጽሮ ይጽፋል፣ በመሃል የሆነው ነገር አይታይም። በ2008 የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ማህደሩን በነጻ ሲከፍተው ስራው በሙሉ ተቀየረ፣ አውሮፓም በኮፐርኒከስ ፕሮግራም የሴንቲነል ሳተላይቶችን ዳታ ለፈለገ ሁሉ በነጻ ለቀቀች። ብራዚልና ቻይና ደግሞ ከ1999 ጀምሮ በጋራ የሰሯቸውን ሳተላይቶች ሲያመጥቁ ቆይተዋል። ስብሰባ ላይ "የነሱ ሳተላይት የኛን መሬት የሚያየው በምን መብት ነው" የሚል ሰው አይጠፋም፣ ጥያቄው ደግሞ ተገቢ ጥያቄ ነው፣ በአክብሮት መልሱለት። በ1986 የተባበሩት መንግስታት ጠቅላላ ጉባኤ በርቀት ቅኝት (መሬትን ከጠፈር ሆኖ በማየት) ላይ 15 መርሆዎች አጽድቋል፣ ከነሱ መሃል አንዱ መሬቱ የታየበት አገር ዳታውን ያለ አድልዎና በተመጣጣኝ ዋጋ ማግኘት አለበት ይላል። ይሄን ስትነግሩት ብዙ ጊዜ ውይይቱ ይረጋጋል።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

"መሬቱን እንከታተል" ጥያቄ አይደለም። ጥያቄ ማለት የትኛው ቦታ፣ ከየትኛው ዓመት እስከ የትኛው ዓመት፣ ምን አይነት ለውጥ፣ ስንት ሄክታር የሚያክል ለውጥ ካላየን ስራው ዋጋ የለውም፣ ውጤቱን ይዞ የሚወስነውስ ማነው የሚለውን ሁሉ የያዘ ነው። ሁለቱም ቡድን በየራሱ ይጻፈውና ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ አንብቡት። እኛ ስናደርገው አንደኛው ወገን ስለ ደን ቃጠሎ ሲያስብ ሌላው ስለ እርሻ መስፋፋት ነበር የሚያስበው፣ በፕሮጀክቱ ርዕስ ግን ሁለታችንም ተስማምተን ፈርመናል።

ስራው ለዘላቂ የልማት ግቦች ሪፖርት ከሆነ ደግሞ የራሳችሁን ዘዴ አትፍጠሩ። የመሬት መራቆት መለኪያው ቁጥር 15.3.1 የሚባለው ነው፣ ሶስት ነገሮች ያያል፦ የመሬት ሽፋን፣ የመሬቱ ምርታማነትና በአፈር ውስጥ ያለው ካርቦን። ከሶስቱ በአንዱ ብቻ እንኳን ከቀነሰ ቦታው ተራቁቷል ተብሎ ይቆጠራል። መነሻው ከ2000 እስከ 2015 ያለው ጊዜ ነው። ትሬንድስ ኧርዝ የሚባል ነጻ መሳሪያ ኪውጂአይኤስ በሚባለው የካርታ ሶፍትዌር ላይ ይጫንና ይሄንን በሙሉ ይሰራላችኋል፣ ሁለቱ አገሮች አንድ አይነት ሴቲንግ ከተጠቀሙ ውጤቱ ይነጻጸራል።

ደረጃ 2፦ በቃላቱ ትርጉም ተስማሙ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚበላው ይሄ ነው፣ መጀመሪያ ካልበላ መጨረሻ ላይ ይበላል።

ደን ምንድነው? የተባበሩት መንግስታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ፋኦ ከ0.5 ሄክታር በላይ የሆነ፣ ዛፎቹ ከ5 ሜትር በላይ የሚረዝሙ፣ የዛፍ ሽፋኑ ከ10 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ነው ይላል። በአየር ንብረት ለውጡ የኪዮቶ ስምምነት ስር ግን አገሮች በተሰጣቸው ገደብ ውስጥ የራሳቸውን እንዲመርጡ ተፈቅዶ ነበር፣ ስፋቱን ከ0.05 እስከ 1 ሄክታር፣ ሽፋኑን ከ10 እስከ 30 በመቶ፣ ቁመቱን ከ2 እስከ 5 ሜትር። አሁን አንድ ኮረብታ አስቡ፣ ድንበር በመሃሉ ያልፋል፣ በሁለቱም በኩል የዛፍ ሽፋኑ 20 በመቶ ነው፣ ዛፎቹ ያው ናቸው፣ አፈሩ ያው ነው። 10 በመቶ የምትለው አገር በኩል ደን ተብሎ አረንጓዴ ይቀባል፣ 30 በመቶ የምትለው በኩል ደን አይደለም ተብሎ ቢጫ ይሆናል። ካርታው ላይ በማስመሪያ የተሰመረ የመሰለ መስመር ይወጣል፣ ያየ ሰው ሁሉ ከዚህኛው ወገን ደኑን ጨፈጨፉት ይላል፣ አንድ ዛፍ እንኳን ግን አልተቆረጠም።

መፍትሄው ምን መሰላችሁ፣ በጋራ የምትሰሩት ሌየር (የካርታ ንብርብር) ላይ "ደን" እና "ደን ያልሆነ" ብላችሁ አትጻፉ። እያንዳንዱ ፒክስል (ምስሉ የተሰራበት ትንሿ ካሬ) ስንት በመቶ የዛፍ ሽፋን እንዳለው ጻፉ፣ ቁጥሩ ለሁለቱም አንድ ይሁን፣ ከዛ እያንዳንዱ አገር ለራሱ ሪፖርት በራሱ ህግ ይቆርጠዋል። ማንም የሌላውን ህግ ተቀበል አይባልም፣ ልኬቱ ግን የጋራ ሆኖ ይቀራል።

ሌላው የሚምታታው የመሬት ሽፋንና የመሬት አጠቃቀም ነው። ሽፋን ሳተላይቱ የሚያየው ነው፣ ሳር፣ ዛፍ፣ ባዶ አፈር፣ ውሃ። አጠቃቀም ሰው በመሬቱ የሚያደርገው ነው። ለጣውላ የተተከለ ደን ተራው ደርሶ ሲቆረጥ ሽፋኑ ጠፍቷል፣ እንደገና የሚተከል ከሆነ ግን አጠቃቀሙ አሁንም ደን ነው፣ በፋኦ አቆጣጠርም ደን ሆኖ ይቀጥላል። ሳተላይቱ ይሄንን ብቻውን ሊያውቅ አይችልም፣ የአካባቢውን ሰው መጠየቅ አለባችሁ።

በትርጉሙ በእውነት መስማማታችሁን ለማወቅ ይሄን ሞክሩ፦ 50 ነጥቦች ምረጡ፣ ሁለቱም ቡድን ሳይነጋገር እያንዳንዱን ነጥብ ጥራት ባለው ምስል እያየ ስም ይስጥ፣ ከዛ አወዳድሩት። የተለያያችሁባቸውን ነጥቦች አንድ በአንድ አብራችሁ ክፈቱ። ቁጥቋጦ የሚለውን ቃል እኔ ከሁለት ሜትር በታች ያለ እንጨት ሁሉ ይመስለኝ ነበር፣ ባልደረባዬ ግን ረጅም ሳር ከዛፍ ጋር የተቀላቀለበትን ነው ቁጥቋጦ የሚለው፣ ይሄ የታወቀው በወረቀቱ ትርጉም ሳይሆን 17ኛው ነጥብ ላይ ስንደርስ ነው።

ደረጃ 3፦ ሳተላይቱን ምረጡ

ምርጫው ደረጃ 1 ላይ የጻፋችሁት ትንሹ ለውጥ ስንት ሄክታር ነው በሚለው ላይ ይመሰረታል። ሴንቲነል 2 በዋና ዋና ባንዶቹ (ለየብቻ በሚለካቸው የብርሃን አይነቶች) 10 ሜትር ፒክስል አለው፣ ስለዚህ አንድ ሄክታር ውስጥ 100 ፒክስል ይገባል። ላንድሳት 30 ሜትር ነው፣ በአንድ ሄክታር 11 ፒክስል ገደማ። ሞዲስ የሚባለው ደግሞ ጥሩ የሚባለው ባንዱ እንኳን 250 ሜትር ስለሆነ አንዱ ፒክስል ብቻውን ከ6 ሄክታር በላይ ይሸፍናል፣ ግን በየቀኑ ያያል፣ ለድርቅና ለሰፊ ግጦሽ መሬት አሪፍ ነው። የአንድ ነጠላ ፒክስል ለውጥ ለውጥ ነው ብላችሁ አትጻፉ፣ ቢያንስ የተያያዙ ጥቂት ፒክስሎች ይኑሩ።

ወደ ኋላ ርቃችሁ መሄድ ከፈለጋችሁ ከእነዚህ የሚያዋጣችሁ ላንድሳት ነው፣ ሴንቲነል 2 የጀመረው በ2015 ነው። ከሜይ 2003 መጨረሻ በኋላ የተነሳ የላንድሳት 7 ምስል ስትከፍቱ ግን ጥቁር ጥቁር መስመሮች ታያላችሁ፣ ያኔ አንድ የመሳሪያው ክፍል ስለተበላሸ ከእያንዳንዱ ምስል 22 በመቶ ገደማ ይጎድላል፣ ፋይላችሁ ተበላሽቶ አይደለም።

ደመና የማይለቀው አካባቢ ከሆነ ሴንቲነል 1ን ጨምሩበት፣ ራዳር ስለሆነ በደመናም በሌሊትም ያያል። እሱ ላይ ብቻ ግን አትንጠልጠሉ። በዲሴምበር 2021 ከሁለቱ ሳተላይቶች አንዱ ሴንቲነል 1ቢ ስራ አቆመና በብዙ ቦታ በ6 ቀን ይመጣ የነበረው ምስል 12 ቀን ሆነ፣ ምትኩ የወጣው በዲሴምበር 2024 ነው፣ በዚያ ሶስት ዓመት የተራበው በሙሉ በአንድ ሳተላይት ላይ የተመሰረተው ስራ ነው። ለዛም ነው የአገሮች ትብብር ወሬ ብቻ ያልሆነው፣ የአንዱ ሲወድቅ የሌላው ይሸፍናል። ናሳ ላንድሳትንና ሴንቲነል 2ን አስተካክሎ በአንድ የ30 ሜትር ግሪድ (የፒክስሎች መረብ) ላይ ያቀርባል፣ ኤችኤልኤስ ይባላል፣ የሁለቱን ሳተላይት ቤተሰብ ራሳችሁ ከማስማማት ይሄንን ውሰዱ። በጁላይ 2025 ደግሞ ናሳና የህንድ የጠፈር ድርጅት በጋራ የሰሩት ናይሳር የሚባል ራዳር ወጥቷል፣ ረዘም ያለ ሞገድ ስለሚጠቀም በቅጠል ውስጥ ሰርጎ ግንዱንና መሬቱን ለማየት የተሻለ ነው።

ደረጃ 4፦ ዳታውን አውጡ

ለሴንቲነል ኮፐርኒከስ ዳታ ስፔስ የሚባለው ላይ፣ ለላንድሳት ኧርዝ ኤክስፕሎረር ላይ አካውንት ክፈቱ፣ ሁለቱም ነጻ ናቸው። ሴንቲነል 2 ላይ ሌቭል 2ኤ፣ ላንድሳት ላይ ኮሌክሽን 2 ሌቭል 2 የሚለውን ምረጡ፣ እነዚህ የአየሩ ጭጋግ ተጽእኖ የተነሳላቸው ናቸው። አንዱ ቡድን ሌቭል 1 ሌላው ሌቭል 2 ካወረደ ገና ከመጀመሪያው ሁለት የተለያየ ነገር ነው የምታወዳድሩት። ኢንተርኔታችሁ ደካማ ከሆነ ምስሉን ሳታወርዱ እዛው ሰርቨር ላይ የሚሰራበትን መንገድ ተጠቀሙ፣ ጎግል ኧርዝ ኢንጂን ለንግድ ላልሆነ ስራ ነጻ ነው፣ ኮዱን ለባልደረባችሁ ትልኩለታላችሁ እሱም ያንኑ ያስኬዳል። ፋኦ የሰራው ሴፓል የሚባለውም ኮድ ለማይጽፍ ሰው ጥሩ ነው።

የተጠቀማችሁበትን የእያንዳንዱን ምስል ሙሉ ስም በአንድ የጋራ ሰንጠረዥ ላይ መዝግቡ። አሰልቺ ነው አውቃለሁ፣ ቀጥሎ ያለውን ስታነቡ ለምን እንደሆነ ይገባችኋል።

ደረጃ 5፦ የቁጥሩን መነሻ አረጋግጡ

ይሄ በራሴ የደረሰ ነው። ሁለት ቡድን ሆነን የአንድ ተፋሰስ የአረንጓዴ ለውጥ እየሰራን የ2021ና የ2022ን አወዳደርን፣ የኛ ካርታ ላይ ግማሹ ተፋሰስ ቀይ ሆነ፣ የነሱ ላይ ግን ምንም የለም። እኛ እነሱ ችግር እየደበቁ መሰለን፣ እነሱ ደግሞ እኛ ያጋነንን መሰላቸው፣ ሶስት ሳምንት በኢሜይል ተካረርን። በመጨረሻ አንድ ፒክስል መርጠን ቁጥሩን በስልክ ተነባበብን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጃንዋሪ 25፣ 2022 ጀምሮ በሴንቲነል 2 ምስሎች ላይ በእያንዳንዱ ፒክስል ቁጥር ላይ 1000 ይደመራል፣ ይሄም በጣም ጨለማ የሆኑ ቦታዎች ቁጥር ከዜሮ በታች ወርዶ እንዳይቆረጥ ነው። ተጠቃሚው ከመስራቱ በፊት 1000ውን መቀነስ አለበት። እነሱ የሚጠቀሙት አገልግሎት ቀንሶ ይሰጣቸዋል፣ እኛ በቀጥታ አውርደን ሳንቀንስ ሰራን።

በቁጥር ላሳያችሁ። ኤንዲቪአይ የሚባለው የአረንጓዴነት መለኪያ ከቅርብ ኢንፍራሬድ (በአይን ከማይታይ ብርሃን) ቁጥር ላይ የቀዩ ተቀንሶ፣ ያ ለሁለቱ ድምር ሲካፈል ነው፣ በሴንቲነል 2 ባንድ 8ና ባንድ 4 ናቸው፣ በላንድሳት 8ና 9 ላይ ባንድ 5ና ባንድ 4። ጤናማ ቅጠል ላይ ኢንፍራሬዱ 3000 ቀዩ 400 ይሁን፣ 2600 ለ3400 ሲካፈል 0.76 ይሆናል፣ ጥሩ ለምለም መሬት ነው። አሁን በሁለቱም ላይ 1000 ጨምሩበት፣ 4000ና 1400 ሆኑ፣ ልዩነታቸው ያው 2600 ነው፣ ድምራቸው ግን 5400 ሆነ፣ ውጤቱ 0.48። መሬቱ ላይ ምንም ሳይሆን ከአንድ ሶስተኛ በላይ አረንጓዴው "ጠፋ"።

እንዴት ታውቃላችሁ? የፋይሉ ስም ውስጥ ኤን ከሚለው ፊደል ቀጥሎ ባለ 4 አሃዝ ቁጥር አለ፣ 0400 ወይም ከዛ በላይ ከሆነ 1000ው አለበት። ቀኑን ብቻ አይታችሁ አትወስኑ፣ የድሮ ምስሎችም በአዲሱ አሰራር እንደገና እየተሰሩ ስለወጡ የአንድ ቀን ምስል በሁለት አይነት ቁጥር ሊገኝ ይችላል። ኧርዝ ኢንጂን ላይ ከሆናችሁ ሃርሞናይዝድ የሚለውን ኮሌክሽን ምረጡ፣ እዛ ተስተካክሏል። ላንድሳትም የራሱ አለው፣ ኮሌክሽን 2 ሌቭል 2 ላይ ቁጥሩን በ0.0000275 አባዝታችሁ 0.2 ትቀንሳላችሁ።

በየትኛውም ፕሮጀክት የመጀመሪያው ቀን ላይ ይሄን አድርጉ፦ ሁለቱም ቡድን አንድ አይነት ቀን ያለው ምስል ከፍቶ በአምስት ቦታ፣ ለምሳሌ ሀይቅ፣ አለት፣ ደን፣ እርሻና ጣሪያ ላይ የቀዩንና የኢንፍራሬዱን ቁጥር ይጻፍ። ካልገጠመ እዛው ቆማችሁ አስተካክሉ።

ደረጃ 6፦ ደመናና ወቅት

ሴንቲነል 2 ኤስሲኤል የሚባል ሌየር አብሮት ይመጣል፣ 3 የደመና ጥላ ነው፣ 8ና 9 ደመና፣ 10 ስስ ደመና። እነዚህን አራቱን አውጧቸው። ጥላውን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው፣ ጥላ ግን ውሃ ወይም የተቃጠለ መሬት መስሎ ያታልላል። ሌየሩ ራሱም ይሳሳታል፣ ነጭ ጣሪያና ደማቅ አሸዋን ደመና የሚልበት ጊዜ አለ፣ ስለዚህ በአይናችሁም እዩ።

ወቅቱን በወር ስም አትስማሙ፣ በመሬቱ ሁኔታ ተስማሙ። ዝናቡ በአንዱ ዓመት ዘግይቶ ከገባ የአንድ ወር ምስል በአንዱ ዓመት ቡቃያ በሌላው ባዶ ማሳ ነው የሚያሳያችሁ። እኔ የምመርጠው የአንድ ቀን ምስል ከመውሰድ በየዓመቱ የሁለት የሶስት ወር ምስሎችን ሰብስቦ የእያንዳንዱን ፒክስል መካከለኛ ቁጥር መውሰድ ነው። እና አንድ ደረቅ ዓመት መሬት ተራቆተ አያስብልም፣ የዝናብ መረጃ ጎን ለጎን አስቀምጡና ዝናቡ ሲመለስ አረንጓዴውም ይመለስ እንደሆነ እዩ፣ ዝናብ ተመልሶ አረንጓዴው ካልተመለሰ ያኔ አሳሳቢ ነው።

ደረጃ 7፦ አንድ ግሪድ

ምስሎቹ ዩቲኤም በሚባለው ፕሮጀክሽን (ክብ መሬትን ወደ ጠፍጣፋ ካርታ መለወጫ ዘዴ) ነው የሚመጡት፣ በየ6 ዲግሪው ዞን ይቀየራል። የጋራው ቦታ ሁለት ዞን ላይ ከወደቀ አንዱን ምረጡና ሁሉንም ወደዛ አምጡ። የክፍል ቁጥር ያለበትን ካርታ ስታዛውሩ ኒረስት ኔበር የሚለውን ተጠቀሙ፣ አለበለዚያ ሶፍትዌሩ ውሃ 2ንና እርሻ 4ን አማክሎ 3 የሚል ያልነበረ ክፍል ይፈጥራል። ስፋት የምታሰሉት ደግሞ ስፋት በማያዛባ ፕሮጀክሽን ይሁን። ላንድሳት ኮሌክሽን 2 የተስተካከለው ከሴንቲነል 2 ማጣቀሻ ምስል ጋር እየተመሳከረ ስለሆነ ሁለቱ ድሮ ከነበረው በተሻለ ይገጥማሉ፣ የድሮውን ኮሌክሽን 1 በዲስክ ያስቀመጠ ሰው ካለ ያንን አትቀላቅሉ።

ደረጃ 8፦ አንዱ የሌላውን ይፈትሽ

ካርታው ከወጣ በኋላ ስንት ሄክታር ተቀየረ ብላችሁ ፒክስል ቆጥራችሁ አትጻፉ። ካርታ ይሳሳታል፣ ስህተቱም በሁለቱም አቅጣጫ እኩል አይደለም። ናሙና ነጥቦች በእጣ አውጡ፣ ከተቀየረውም ካልተቀየረውም ክፍል፣ ከዛ በዚህኛው አገር ያሉትን ነጥቦች ያኛው ቡድን ይፈትሽ፣ በዛኛው ያሉትን ይሄኛው። ሁሉም ካርታው ምን እንዳለ ሳያይ ነው የሚፈትሸው። ኮሌክት ኧርዝ ኦንላይን የሚባለው ነጻ መሳሪያ ለዚህ የተሰራ ነው።

ለምሳሌ ያህል ጠቅላላው ቦታ 100,000 ሄክታር ይሁን፣ ካርታው 10,000ው ተቀይሯል ይላል። ከተቀየረው ክፍል 100 ነጥብ ስትፈትሹ 80ው እውነት ሆነ። ካልተቀየረው 400 ነጥብ ስትፈትሹ 20ው ተቀይሮ አገኛችሁት፣ 5 በመቶ ማለት ነው። እንግዲህ 10,000 በ0.8 ሲባዛ 8,000፣ 90,000 በ0.05 ሲባዛ 4,500፣ ድምሩ 12,500 ሄክታር። ካርታው አንድ አራተኛ ያህሉን ጨምሮ መናገር ነበረበት ማለት ነው። ያልተቀየረው ክፍል ሰፊ ስለሆነ ትንሽ ስህተት እንኳን ብዙ ሄክታር ይሆናል፣ ሰው ግን የሚፈትሸው ቀይ የሆነውን ብቻ ነው። ሪፖርቱ ላይ የምትጽፉት ይሄንን የተስተካከለውን ቁጥር ከነ ስህተት መጠኑ ነው።

መሬት ላይ ወርዶ የሚያይ ሰው ካለ ደግሞ ከሁሉም የተሻለ ነው፣ ፎቶው ከየትኛው አቅጣጫ እንደተነሳና ቀኑ ይመዝገብ። እዛ የሚኖሩትን ሰዎች ሳይነግሩ ማሳቸውን መለካት ግን ልክ አይደለም፣ ለምን እንደመጣችሁ ንገሯቸው፣ ውጤቱንም አሳይዋቸው።

ደረጃ 9፦ ምን ይጋራል ምን አይጋራም

የሳተላይቱ ምስል ለሁሉም ክፍት ነው፣ የሴንቲነልን ዳታ አስተካክላችሁ ካቀረባችሁ የተሻሻለ የኮፐርኒከስ ሴንቲነል ዳታ እንዳለበት ከነዓመቱ ጻፉ፣ ግዴታ ነው። ከመሬት የሰበሰባችሁት መረጃ ግን ሌላ ነው። የሰው ስም፣ የማን ማሳ እንደሆነ፣ በህገወጥ ቆራጮች ሊፈለግ የሚችል ውድ ዛፍ ያለበት ትክክለኛ ቦታ፣ እነዚህ ወደ ጋራ ፎልደር አይግቡ። በጽሁፍ ይቀመጥ፦ ማን ያያል፣ ማን ያትማል፣ አንዱ ወገን ከማተሙ በፊት ሌላው ስንት ቀን ማየት አለበት። ሁለት ገጽ ይበቃል፣ ግን ሰው ሲቀየር አዲሱ የሚያነበው ነገር ይኖራል።

ድንገተኛ አደጋ ሲመጣ

ጎርፍ ወይ የመሬት መንሸራተት ከመጣ ከላይ ያለው ሂደት አይደርስም። ለዛ ከ2000 ጀምሮ የሚሰራ ዓለም አቀፍ ቻርተር አለ፣ የአውሮፓና የፈረንሳይ የጠፈር ኤጀንሲዎች ሃሳቡን ያነሱት በ1999 ቪየና በተደረገው የተባበሩት መንግስታት የጠፈር ጉባኤ ላይ ነው፣ አሁን ብዙ የጠፈር ድርጅቶች አባል ናቸው፣ አደጋ ሲደርስ ሳተላይቶቻቸውን ወደ ቦታው አዙረው ምስል በነጻ ይሰጣሉ። ጥያቄውን የሚያቀርበው ፈቃድ ያለው ተቋም ነው፣ ስለዚህ በሁለቱም አገር ያ ተቋም ማን እንደሆነና የሌሊት ስልኩን ዛሬ ፈልጋችሁ የሰንጠረዡ የመጀመሪያ መስመር ላይ ጻፉት። ቻርተሩ ለድንገተኛ አደጋ ነው፣ ቀስ እያለ ለሚሄድ የመሬት መራቆት አይጠራም።

ደረጃ 10፦ በሚቀጥለው ዓመት እንዲደገም

የምስሎቹን ስም ዝርዝር፣ ኮዱን፣ የክፍሎቹን ትርጉም ከነፎቶው፣ የፈተሻችሁትን ነጥቦችና ሁለት ገጹን ስምምነት በአንድ ፎልደር አስገቡና በሁለቱም አገር ቅጂ ይቀመጥ። ከዛ ስራው ላይ ያልነበረ ሰው፣ ቢቻል ከሌላኛው አገር፣ ፎልደሩን ብቻ ሰጥታችሁት ካርታውን ከመጀመሪያው እንዲሰራው ጠይቁት፣ እናንተ አጠገቡ አትቀመጡ። የት ላይ እንደቆመ ይጻፍላችሁ፣ ያቺን ቦታ አስተካክሉና ለሚቀጥለው ዓመት የምስል መሰብሰቢያውን ጊዜ ካላንደር ላይ ያዙ።